የመፍጫው ጥርስ

ማሽኑን በመልኩ ነው የመረጥኩት እኔ፤
ሆዱን ማን አይቶበት፣ ጎኑ ላይ አርፎ ዓይኔ።
ጠባሴ አንድ ካፌ ከስሮ ሲዘጋ፣
«የጣልያን ነው» ቢሉኝ፣ በግማሽ ዋጋ፣
በባጃጅ ጭኜ፣ በጋቢ ጠቅልዬ
አስገባሁት ቤቴ፣ እንደ ሙሽራ አዝዬ።
የሺሐረግ አየችው፤ ዞረችው ሦስቴ፤
«መብራት ሲሄድ ይኼ ምን ይሁነን? ቁም ሳጥን?» አለች ባለቤቴ።

መፍጫውን ግን... መፍጫ ምን ያደርጋል?
የፈጨ ሁሉ ያው ፈጨ፤ ማን ይመራመራል?
በቀረችኝ ፍራንክ፣ ከገበያ ዳር
ገዛሁ አንድ የላስቲክ፣ ቢላ የምታሽከረክር፣
ግማሹን የምትቀጠቅጥ፣ ግማሹን የምትምር።

የመጀመሪያው ስኒ ኮመጠጠ፤
ሁለተኛው መረረ፤ ሦስተኛው እንደ ጎርፍ አመለጠ።
አገሩን ከሰስኩት፦ ደብረ ብርሃን ከሰማይ ተጠግቶ፣
ውኃው ሳይግል ይፈላል፣ እንደ ግልፍተኛ አረፋውን አውጥቶ።
ቡናውን ከሰስኩት፣ ነጋዴውን ጭምር፤
መፍጫዋን ብቻ ነው ያለፍኳት ሳልጠረጥር።

ጋሽ ወሰንየለህን ጠራሁት በመጨረሻ፤
ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ከሽመና ማሽን ሥር የኖረ እስከ ጡረታው መዳረሻ፣
ጆሮውን ለዚያ ጩኸት የሰጠ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፤
ዛሬ ሰው ሲያወራው ከንፈር ያያል እንጂ አይሰማም አሉ።

ካቻቢቴ ከደረት ኪሱ፣ ፒንሳ ከካፖርቱ፣
(ጠዋት ነው፣ ውርጭ ነው፣ ትንፋሹ ይጨሳል ከፊቱ)
ማሽኑን አለፈው! እጁን ሄዶ ጫነ መፍጫዬ ላይ፤
«አስነሣት» አለኝ፤ ዓይኑን ጨፈነ፣ በመዳፉ ሊያይ።

«ይቺ አትፈጭም፣ ትደበድባለች፤
አንዱን ታደቃለች፣ አንዱን ትዘልላለች።
ውኃ ደግሞ ብልጥ ነው፣ በቀለለው በር ያመልጣል፤
ክፍተት እያለለት፣ ክሬማው ከየት ይመጣል?
ከፍታውን ተው፤ ተዘግቶ የሚፈላ ውኃ ሰማይ አያይም፤
በመፍጫህ ጥፋት አገር አይታሰርም።
ወርቅ ኮርቻ ገዝተህ ልጓሙን በገመድ አሰርከው፤
ገንዘብህን ለጥርሱ እንጂ ለፊቱ ለምን ሰጠኸው?»

ለፋሲካ ያሰብኩት የመንዝ ሙክት ሄደ፤
በምትኩ ባለ ብረት ጥርስ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ
መፍጫ ከአዲስ አበባ መጣ፣ በሚኒባስ፣ ከሹፌሩ እግር ሥር፤
የሺሐረግ «ሙክቱ ይኼ ነው? ቆዳውሳ?» እያለች በነገር።

አንድ ጣት ወደ ግራ፣ ግማሽ ጣት ወደ ቀኝ፤
ስድስት ስኒ ደፋሁ፤ ሰባተኛው እንደ ማር ክር ወረደልኝ።
ምንም አልተናገርኩ፤ ስኒውን ለእሷ ሰጠሁ።
ጠጣች። ዝም አለች።
ስኒዋን መልሳ ስትዘረጋልኝ የሙክቱን ዕዳ ረሳሁ።

«ቡና ዘይት አለው፤ ሲያድር ይሸታል» ብሎኛል፤ እኔም በየእሑዱ
ጥርሶቹን ፈትቼ እቦርሻለሁ፣ ልጆቼ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣
በምንታምር የጥርስ ብሩሽ (አታውቅም፤ አዲስ ገዝቼላታለሁ)፤
ጎማው ደርቆ እንደሆን እዳስሳለሁ፤ ማታ ማታ ወንፊቱን አጥባለሁ።
የወተቱን ቧንቧ ወዲያው በጨርቅ፤ ደቂቃ ካለፈው ይጋገራል፤
የተጋገረ ወተት፣ እንደ ቂም፣ ለመፋቅ ያስቸግራል።

በዓመቱ ሆዱን ፈታልኝ፤ ውስጡ ነጭ ድንጋይ ወልዶ፣
ያ የጠራ የቧንቧ ውኃ፣ ጠብ በጠብ፣ ከናሱ ተላምዶ።
«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ሲያንቅ ግን ዝም ብሎ» አለኝ፤
የሎሚ ዱቄት በሙቅ ውኃ በጥብጦ ሲያጠጣው አሳየኝ።
«ጆሮዬም እንዲሁ ነው የተደፈነ፤ በአንድ ቀን አይደለም፤
በየቀኑ ትንሽ። ለእሱ ግን የሚያጸዳ የለም።»
ከዚያ መዳፉን ማሽኑ ጎን ላይ አሳረፈና ጠበቀ፤
ግፊቱ ዘጠኝ ሲደርስ፣ መርፌውን ሳያይ፣ በእጁ አወቀ።

ዛሬ ጠዋት መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቁም ሳጥን ሆነ፣ የሺሐረግ እንዳለችው፤
ሻሿን አጣጥፋ ላዩ ላይ አኖረችው።
እኔ ግን መፍጫው ላይ እጄን ጭኜ ቆሜአለሁ፤
ብረቱ ውርጭ ነው። ማብሪያውን አላጠፋሁም። እጠብቃለሁ።